የቲቤት ፊደልና ኮምፒዩተር

የአንድ ሕዝብ ፊደል ሌላ ሕዝብ ከሠራው መሣሪያ ጋራ በተገናኘ ቍጥር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ይኸውም «ሊታረም የሚገባው ፊደሉ ነውን ወይስ መሣሪያው?» የሚለው ነው። የጽሕፈት መኪና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ቀለም ፈሶበታል፤ ፊደላችን ስለ በዛ ይቀነስ የሚሉ ነበሩ፤ ያባቶችን ቅርስ አትንኩ የሚሉም ነበሩ። ዛሬ ግን የምንመረምረው የቲቤትን ፊደል ነው። የቲቤት ሰዎች ቋንቋቸውን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ሲነሡ ያጋጠማቸው ችግር በአንዳንድ በኩል ከእኛው የከበደ ነበር፤ የቀረቡላቸውም መፍትሔዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ነበሩ። ስለዚህ መፍትሔዎቹን ተመልክተን የትኛው ለፊደሉ እንደሚስማማ፥ የትኛውም እንደሚጐዳው ፍርዳችንን ለመስጠት እንሞክራለን። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቲቤቶች ትውፊት መሠረት ፊደሉን ያወጣው በ7ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ሶንግትሰን ጋምፖ ሹም የነበረው ቶንሚ ሳምቦታ ነው፤ ንጉሡ ወደ ሕንድ አገር ልኮት፥ የዚያን አገር አጻጻፍ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ለአገሩ ቋንቋ የሚስማማ ፊደል አዘጋጀ ይባላል። ፊደላቱ 30 ናቸው። ድምፃቸውን የሚለውጡ 4 ምልክቶች አሉ፤ ሦስቱ ከፊደሉ ራስ በላይ፥ አንዱ ከግርጌው ይጻፋሉ። ምልክት ያልተደረገበት ፊደል «ካ፥ ጋ፥ ባ» እንደሚባለው ሆኖ ይነበባል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ እንዲያውም 30 ፊደልና 4 ምልክት ከእኛ ገበታ አጠገብ ቢቀመጥ የሕፃን ጨዋታ ሊመስል ይችላል።

ችግሩ ያለው በአደራረቡ ላይ ነው። በቲቤት አጻጻፍ በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ውስጥ አንድ ዋና ፊደል አለ፤ ሌሎቹ ፊደላት እንደ ባለሟል ይከቡታል። ከፊቱ ሊቆሙ የሚችሉ 5 ፊደላት አሉ፤ ከራሱ ላይ የሚቀመጡ 3፥ ከግርጌው የሚታሠሩ 4፥ ከኋላው የሚከተሉት ደግሞ 10 ናቸው፤ ከእነዚህም ከ10ሩ በኋላ የሚጨመሩ ሌሎች 2 አሉ። ለምሳሌ ያህል «ፈጸመ» የሚል ትርጕም ያለውን አንድ ቃል ብንወስድ፥ ፊደላቱ በተራ ሲቈጠሩ ብ፥ ስ፥ ግ፥ ር፥ ኡ፥ ብ፥ ስ ናቸው። ብ ከፊት ለብቻው ይቆማል፤ ቀጥሎ ስ ከላይ፥ ግ ከመካከል፥ ር ከግርጌ፥ የ«ኡ» ምልክትም ከሁሉ በታች ሆነው እንደ ግንብ ይደራረባሉ፤ በመጨረሻም ብ እና ስ ከኋላ ይከተላሉ። የላሳ ሰው ይህን ቃል ሲያነበው ግን ከ«ድሩብ» ብዙ የማይርቅ አንድ አጭር ድምፅ ብቻ ያሰማል። የቀሩት ፊደላት የሚጻፉት አባቶች በጥንት ጊዜ ያነብቧቸው ስለ ነበረ ነው። ሠ ን ከሰ፥ ሐ ን ከሀ ለይቶ መጻፍ ይገባል ብሎ የሚከራከር አንባቢያችን ይህን ሲሰማ በሩቅ አገር ዘመድ እንዳገኘ ሰው ሳይደሰት አይቀርም።

በዚህ ላይ ደግሞ ከሕንድ የመጡ የጸሎትና የትምህርት ቃላት አሉ። የሳንስክሪትን ቃል በቲቤት ፊደል ለመጻፍ ሲፈለግ፥ በተራው የቲቤት ቋንቋ ፈጽሞ የማይገናኙ ፊደላት አንዱ ባንዱ ላይ ይጫናሉ። የድርድሩ ወሰን ይህ ነው ተብሎ አልተደነገገም፤ ጸሓፊው ባስፈለገው መጠን ይደርባል።

ሥራው በእንጨት ላይ በሚቀረጽበት ዘመን ይህ ሁሉ ማንንም አላስቸገረም። በምሥራቅ ቲቤት በዴርጌ ከተማ በ1729 የተመሠረተው ማተሚያ ቤት ከ200,000 በላይ የተቀረጹ የእንጨት ሰሌዳዎችን እስከ ዛሬ ጠብቆ ይዟል። ቀራጩ ገጹን በሙሉ ባንድ ሰሌዳ ላይ ስለሚያወጣው፥ የፊደሉ ግንብ ሦስት ፎቅ ቢኖረው ወይም አምስት፥ ለእርሱ የጊዜና የመሮ ጕዳይ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ግን እንደ ቀራጭ አይደለም። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። ለእያንዳንዱ ምልክት ቍጥር ካልተሰጠው በቀር ሊጽፈውም፥ ሊያስቀምጠውም፥ ፈልጎም ሊያገኘው አይችልም። እንግዲህ ጠቡ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ቍጥር የሚሰጠው ለፊደሉ ነው ወይስ ለግንቡ?

በመጀመሪያ የመጡት ሰዎች ቍጥር የሰጡት ለግንቡ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አንድ ፎንት፥ ማለት የፊደል ቅርጽ ማኅደር፥ ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ነበረ። የቲቤት ግንቦች በዚህ ውስጥ አልገባ ስላሉ፥ ሠሪዎቹ በብዙ ፎንቶች ላይ እየከፋፈሉ አስቀመጧቸው። «ሳምቦታ» እና «ቲቤታን ማሽን» የተባሉት በዚህ መንገድ የተሠሩ ነበሩ። የፊደሉ መልክ ያማረ ነበር፤ በነዚህም ፎንቶች ብዙ መጻሕፍት ታትመዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አቈጣጠር ስለ ተከተለ፥ ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት አይነበብም። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በምናውቀው አንድ መሥሪያ ቤት በ1990ዎቹ በአማርኛ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ ከርእሱ እስከ ፊርማው ድረስ ትርጕም በሌለው የላቲን ምልክት ተሞልቶ ተገኝቷል፤ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ባይቀመጥ ኖሮ ውሳኔው ጠፍቶ ይቀር ነበር። የነዚያን ሠሪዎች ድካም እናመሰግናለን፤ ሥራቸው ግን ለማተም እንጂ ለማቈየት የታሰበ እንዳልነበረ መናገር ግዴታችን ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቲቤትን ቃል በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ቱሬል ዋይሊ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1959 አንድ የአጻጻፍ ሥርዐት አሳተመ። የሥርዐቱ ጥበብ በተራው የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ካሉት ፊደሎች በቀር ምንም ልዩ ምልክት አለመፈለጉ ነው፤ የቲቤት ቃል እንደሚነበበው ሳይሆን እንደ ተጻፈ፥ ፊደል በፊደል ወደ ላቲን ይገለበጣል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ሥርዐት ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በተመሳሳይ መንገድ በደቡብ ሕንድ በስደት የሚኖሩ የቲቤት መነኮሳት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ብዙ የቆዩ መጻሕፍትን በላቲን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር አስገብተዋል።

ይህን ሥራ የምንነቅፈው አይደለም። መጽሐፉ በባዕድ ልብስ ቢሆንም ከጥፋት ድኗል፤ በኋላም ልብሱን ለውጦ ወደ ገዛ ፊደሉ ሊመለስ ችሏል። ነገር ግን ለማሻገሪያ የተሠራ ድልድይ መኖሪያ ቤት ሲሆን ጕዳቱ ይታያል። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። በቲቤት ቋንቋ ግ እና ይ ሲገናኙ ሁለት ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይ ከግ ግርጌ ሊታሠር ይችላል፥ ወይም ግ ከፊት የሚቆም፥ ይ ደግሞ ዋናው ፊደል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከነተከታዩ ሲጻፍ «የጭቃ ግድግዳ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «በረከት» ማለት ነው። በቲቤት ፊደል የተጻፉትን ሁለቱን ቃላት የሚያሳስት ሕፃን የለም፤ ዓይኑ ይለያቸዋል። በላቲን ሲጻፉ ግን አንድ ሆነው ቍጭ አሉ፤ ስለዚህ ዋይሊ በሁለተኛው ቃል መካከል አንዲት ነጥብ ማስገባት ግድ ሆነበት። ጸሓፊው ነጥቧን የረሳ እንደ ሆነ በረከቱ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል! ለውጭ አገር ምሁር ይህ ጥቂት ማስታወሻ ብቻ ይፈልግ ይሆናል፤ በገዛ ቋንቋው ለእናቱ ደብዳቤ ለመጻፍ አስቀድሞ የባዕድ ፊደል መማር ያለበት የመንደር ልጅ ግን ከዚህ የከፋ ነገር ደርሶበታል እንላለን።

ሦስተኛው መንገድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ባንድ የቍጥር መዝገብ ለማስፈር የተነሣው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት ነው። የቲቤት ፊደል በ1991 በወጣው የመጀመሪያው መዝገብ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን በ1993 ተሰረዘ። ለቆት የሄደው ቦታ በኋላ ለበርማ ፊደል ተሰጠ። በ1996 የቲቤት ፊደል በሌላ ቦታና በሌላ ዐቅድ ተመልሶ ገባ። በዚህ ዐቅድ ቍጥር የተሰጠው ለግንቡ ሳይሆን ለፊደሉ ነው፤ ይኸውም ፊደሉ ራሱን ችሎ ሲቆም አንድ ቍጥር፥ ከሌላ ፊደል በታች ሲታሠር ደግሞ ሁለተኛ ቍጥር አለው። ከላይ የጠቀስነውን ቃል የሚጽፍ ሰው ብ፥ ስ፥ የታች ግ፥ የታች ር፥ ኡ፥ ብ፥ ስ እያለ ሰባት ቍጥር ያስገባል፤ ግንቡን መገንባት የፎንቱ ሥራ ነው።

ዐቅዱ መልካም ነበረ፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ማስፈጸሚያው ዘገየ። ፊደሉን እየደራረበ በትክክል የሚያሳይ ፎንትና ፎንቱን የሚያዝ የኮምፒዩተር ሥርዐት በሰፊው የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ማይክሮሶፍት ሂማላያ» የተባለውን የቲቤት ፎንት የያዘው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ነው፤ የአፕልም ኮምፒዩተሮች ለቲቤት ፊደል የሚሆነውን ያገኙት በዚያው ዓመት ነው። (የእኛን ፊደል የያዘው «ኒያላ» የተባለው ፎንትም ከዚያው ከቪስታ ጋራ መጥቷል።) ስለዚህ ከ1996 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የቲቤት ፊደል ቍጥር ነበረው፥ መልክ ግን አልነበረውም። አዋጅ ወጥቶ ደንብና በጀት ሳይከተለው ሲቀር ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች በዚህ ልንደነቅ አይገባም።

በዚህ ክፍተት መካከል ነው አራተኛው አሳብ የመጣው። በ2002 ቻይና 956 የተጠናቀቁ ግንቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቍጥር ተሰጥቷቸው በዓለም አቀፉ መዝገብ እንዲገቡ አሳብ አቀረበች። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ በጊዜው የነበሩት ኮምፒዩተሮች መደረብ ስለማይችሉ፥ ተደርቦ ያለቀውን እንስጣቸው የሚል ነው። አሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ቻይና ግን በ2006 1,536፥ በ2008 ደግሞ 5,702 ግንቦችን የያዙ ሁለት ብሔራዊ ደረጃዎችን አወጣች።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ በልቡ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የእኛ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ቍጥር የተሰጠው ለክፍሉ አይደለም፤ ለተጠናቀቀው ቅርጽ ነው። ሀ የራሱ ቍጥር አለው፤ ሁ የራሱ፥ ሂ የራሱ፤ ከቍጥሮቹና ከነጥቦቹ ጋራ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ታዲያ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ለቲቤት ስለ ምን ተከለከለ? አድልዎ ነውን?

እኛ አድልዎ ነው አንልም፤ መልሱ የሚገኘው ሕፃኑ ፊደሉን ከሚማርበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን። የእኛ ልጅ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ገበታውን ሲቈጥር «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» እያለ በሙሉ ቅርጹ ነው። ማንም «ሀ ሲደመር ቀኝ እግሩ ላይ ጭረት ሁ ይሆናል» ብሎ አላስተማረንም። ደግሞም ቢያስተምረን ኖሮ ሕጉ ብዙ ጊዜ ይፈርስበት ነበር፤ የሩ ቅጥያ ከቡ ቅጥያ ጋራ አይመሳሰልም፤ የሳድስ ፊደልም አንድ ወጥ ምልክት የለውም። ገበታው ሰፊ ቢሆንም ዳር አለው፤ ልጁ ከጊዜ በኋላ ይጨርሰዋል። የቲቤት ልጅ ግን ቃሉን የሚማረው እያፈረሰና እየገነባ ነው፤ ከላይ ያለውን ፊደል ስሙን ይጠራል፥ ከግርጌው የታሠረውን ይጨምራል፥ የድምፁን ምልክት ይናገራል፥ በየደረጃውም የተገኘውን ድምፅ ያሰማል፥ በመጨረሻ ቃሉን በሙሉ ያነባል። ምልክቶቹ የትም ቢገቡ መልካቸው ያው ነው፤ ግንቦቹ ግን ዳር የላቸውም። የቻይናው ቍጥር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ 956 ይበቃል የተባለው በስድስት ዓመት ውስጥ በሺሕ ወደሚቈጠር መዝገብ ደረሰ፤ ነገ አንድ መነኵሴ ከዚህ በፊት ያልታየ የሳንስክሪት ድርድር ቢጽፍ እንደ ገና ሌላ ቍጥር ሊፈለግለት ነው። ስለዚህ 1996 የተወሰነው ዐቅድ ትክክል ነው የምንለው የፈረንጅ ባለሙያ ስለ ወሰነው ሳይሆን፥ የቲቤት መምህር ተማሪውን ከሚያስተምርበት ተራ ጋራ ስለ ተስማማ ነው።

የሁለት አቈጣጠር ጕዳት ደግሞ በምሁራን ክርክር ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። አንድ ቃል በሁለት ዓይነት ቍጥር ሊጻፍ የቻለ እንደ ሆነ፥ ለሰው ዓይን አንድ ሲሆን ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ይሆናል። ባንዱ የጻፈ ሰው በሌላው የተጻፈውን ፈልጎ አያገኝም። የቲቤት ፊደል ደግሞ ባንድ መንግሥት ወሰን ውስጥ የሚኖር ፊደል አይደለም፤ በቻይና ግዛት ውስጥ ባለችው ቲቤት ይጻፍበታል፤ ከ1959 ጀምሮ በስደት ሕንድ አገር የሚኖሩት ይጽፉበታል፤ በላዳክና በሲክኪም ይሠራበታል፤ የቡታን መንግሥት ቋንቋ ድዞንግካም በዚሁ ፊደል ይጻፋል። ዘመድ ከዘመዱ በተራራና በድንበር በተለየበት ሕዝብ መካከል ፊደሉንም በቍጥር መለየት ትልቅ በደል ይሆን ነበር።

ስለ ቁልፍ ሰሌዳው ጥቂት እንበል። በዊንዶውስ የገባው፥ ቻይና ውስጥ ያለውን ልማድ የተከተለው ሰሌዳ፥ ፊደሉን ከሌላው በታች ለማሠር አስቀድሞ የላቲኑ ኤም የተጻፈበትን ቁልፍ መምታት ይጠይቃል። የቡታን መንግሥት በ2000 ያጸደቀው ሰሌዳ ደግሞ ፊደላቱን በገበታ ተራቸው ደርድሮ፥ የሚታሠረውን ፊደል የላቲን ጸሓፊ ትልቁን ፊደል በሚያወጣበት «ሺፍት» በተባለው ቁልፍ እንዲወጣ አድርጓል። ፈጣን የመኪና ጸሓፊ የመጀመሪያውን ሊመርጥ ይችላል፤ እኛ ግን ፍርዳችን ለቡታኑ ነው። ገበታውን የሚያውቅ ልጅ በዚያ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ከመምህሩ የተማረውን ተራ በጣቶቹ ሥር ያገኘዋል፤ የታችኛውም ፊደል ከላይኛው ጋራ ባንድ ቁልፍ ላይ ስለ ሆነ አዲስ ነገር አይማርም። ትንሽ አገር ለራሷ ልጆች አስባ የሠራችው መሆኑ ያስታውቃል።

በነገራችን ላይ፥ በቲቤት አጻጻፍ ከእያንዳንዱ ክፍለ ቃል በኋላ ጼግ የምትባል አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። የእኛ ሁለት ነጥብ ከቃል ቃል እንደሚለይ፥ የእነርሱ ነጥብ ክፍለ ቃልን ከክፍለ ቃል ትለያለች። እኛ የጽሕፈት መኪናውን ረጅም ቁልፍ ስናገኝ ሁለት ነጥባችንን ትተን ባዶ ቦታ መጻፍ ጀመርን፤ እነርሱ ግን ነጥባቸውን አልለቀቁም። በዋይሊ ሥርዐት እንኳ ባዶው ቦታ የነጥቧ ወኪል ነው፤ ወደ ቲቤት ፊደል ሲመለስ ነጥቧ ቦታዋን ትይዛለች። ደንቧም ጥብቅ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ቀጥ ያለ መስመር በፊት ነጥቧ ትቀራለች፥ ፊደሉ «ንጋ» ከሆነ ግን ትጻፋለች፤ ፊደሉ «ጋ» ከሆነ ደግሞ መስመሩ ራሱ ይቀራል፥ የጋ እግር መስመሩን ይተካዋልና። ይህን ሁሉ ኮምፒዩተሩ በራሱ አያውቅም፤ የጸሓፊው ትምህርት ነው የሚያድነው።

የቀረ ጕድለት የለም ማለት አይደለም። ግንቡ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ ለላቲን በተለካ መስመር ውስጥ የገባ የቲቤት ጽሑፍ ፊደሉ እጅግ አንሶ ይታያል፤ «ማይክሮሶፍት ሂማላያ» በዚህ ይነቀፋል፥ ነቀፋውም እውነት ነው። ነጥቧ ክፍለ ቃልን እንጂ ቃልን ስለማትለይ፥ ቃሉ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለኮምፒዩተር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ የፊደል ስሕተት ማረሚያም ስለዚህ ዘግይቷል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመዝገበ ቃላት ተራ ነው። የቲቤት መዝገበ ቃላት ቃሉን የሚያስቀምጠው በመጀመሪያው ፊደል ሳይሆን በዋናው ፊደል ነው፤ በብ የሚጀምረው ያ የጠቀስነው ቃል የሚፈለገው በግ ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩ ከሰባቱ ፊደላት መካከል ጌታው የትኛው፥ ባለሟሎቹም እነማን እንደ ሆኑ እንዲለይ ሕጉን በሙሉ ማስተማር ያስፈልጋል። ጌሼ ሎብሳንግ ሞንላም የተባሉት የሴራ ገዳም መነኵሴ በስደት ሆነው የቲቤት ፎንትና የቁልፍ ሰሌዳ ካዘጋጁ በኋላ፥ ከብዙ ረዳቶች ጋራ የደከሙበት ታላቅ መዝገበ ቃላት በ2022 በ223 ጥራዝ ይፋ ሆኗል። በዚህ መዝገብ ውስጥም «ፈጸመ» የሚለውን የሚፈልግ ሰው፥ ብ እና ስ ን አልፎ፥ በግ በኩል ይገባል።